በበረኪና የነጣው አጎበር

ወንድሜን በመቅዘፊያ የመታሁት በጠዋት ፀሐይ ነው፣ ባቱ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ሊገዛ የመጣው ሰው ሁሉ እያየ። ታናሼ ነው፤ አዝዬ ያሳደግኩት።

የአራት ዓመት ልጄ ሦስት ቀን በወባ ስትንቀጠቀጥ ቆይታ፣ በዚያ ንጋት ዓይኗ ተገለበጠና ጤና ጣቢያ አስተኟት። «አጎበር የላችሁም እንዴ?» አሉኝ። አጎበር? የእኔ አጎበር እኮ የግቢው መመኪያ ነበር! የሌላው ሰው ጭስና አቧራ ጠጥቶ ሲንጠለጠል፣ እኔ በየቅዳሜው በበረኪና ዘፍዝፌ፣ ፈትጌ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው ነበር። ከነጠላዬ ይነጣል። ልብስ ልወስድላት ቤት ስገባ ግን ግርጌው በምላጭ ተቆርጦ አየሁ። ደሜ ፈላ።

ቤታችን የሚገባ ዓሣ አጥማጅ ወንድሜ ብቻ ነውና ሐይቁ ዳር ሮጥኩ። ቁራጩን በጀልባው ውስጥ አገኘሁት፤ ለመንጠቆ የሚሆኑ ጥቃቅን ዓሦች ቋጥሮበታል።

«እታለም፣ ትንሽ ናት እኮ የወሰድኳት» አለ እየሳቀ።

ሳቁን አላስጨረስኩትም። መጀመሪያ ትከሻውን፣ ከዚያ አፉን። ሲወድቅም አልተውኩትም። ክንዴን ይዞ ሊያስቆመኝ ሲሞክር እጁን ነከስኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። «ልጄን ገደልካት!» እያልኩ የመጨረሻውን ፊቱ ላይ አሳረፍኩበት። ዓሣ አጥማጆቹ ጎትተው አላቀቁን። እውነቱን ልናገርና፣ ይበለው ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት መጣች። አጎበሩን ዳሰሰችው።

«እህቴ፣ በምንድን ነው የምታጥቢው?»

በኩራት ነገርኳት።

«ቀዳዳው በመርፌ ይሰፋል። ትንኟን የሚገድለው ግን ጨርቁ ላይ ያለው መድኃኒት ነው፤ እሱን በረኪናውና ፀሐዩ ጨርሰውታል። ይሄ አሁን ተራ ሻሽ ነው።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። እሱ መቁረጡን ቆርጧል፤ አልዋሸሁበትም። ልጄን ያስነከስኳት ግን እኔው በገዛ እጄ ነኝ።

ልጄ ዳነች። የወንድሜ ግራ ዓይን አልዳነም። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ስጠይቀው «ተይው እታለም፣ ልጅቷ ተርፋለች» አለኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሁንም ዓሣ ያጠምዳል። መረቡን ሊጠግን በተቀመጠ ቁጥር መርፌው ላይ ክር የማስገባለት እኔ ነኝ።