ለገሃነም የነጨሁት ሳር

ዝናብ ካባራ በኋላ የተነጨ ሳር ሲሸተኝ፣ ሌላው ሰው እንቁጣጣሽን ያስታውስ ይሆናል፤ እኔን ግን ገሃነም ትዝ ይለኛል። ይህን ስናገር የሚያማትቡ አሉ። ያማትቡ።

በየክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ እየወጣሁ አያቴ ዘንድ እከርም ነበር። አያቴ ሸማኔ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያቸውን ወዲያና ወዲህ ሲሰዱ ውለው፣ ከመንደሩ የጠብ ጩኸት ሲሰሙ ግን ጥለውት ተነሥተው፣ እርጥብ ሳር ነጭተው ይወጡ ነበር። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ አልፎት የሚሄድ ሰው የለም። አንድ ሐምሌ በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾች ገጀራ ይዘው ሲፈላለጉ፣ አያቴ መሐላቸው ጭቃው ላይ ተንበርክከው ሳሩን በሁለት እጃቸው ከፍ ሲያደርጉት፣ ታላቅየው ገጀራውን ጥሎ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። እኒያ ሰው እንደ አባቶቻቸው ኖረው፣ ሳይጠመቁ፣ በኅዳር ሞቱ።

በዚያው በጋ፣ ያሳደገችኝ ልጃቸው፣ አክስቴ አልማዝ፣ ከጥምቀት ገበያ የገሃነም ሥዕል ገዝታ ሳሎን ሰቀለች። «ለእናንተ ለማትሰሙት ነው» ትለን ነበር እኛን ልጆቹን። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ያየነው ጭራቅ ሁሉ ፊልሙ ሲያልቅ ይሞታል፤ የአክስቴ ዲያብሎስ ግን ምሳ ስንበላም አፍጥጦ ያየን ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ግን እሱ አልነበረም። እሳቱ ውስጥ ራሰ በራ፣ ጺሙ የነጣ ሽማግሌ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል፤ ቁርጥ አያቴን።

«እትዬ፣ ያልተጠመቀ ሰው የት ነው የሚሄደው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ዝም ብለሽ ብዪ!» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ፣ ሥዕሉ ውስጥ አባቷን እሷም እንዳየቻቸው ገባኝ። ያን ጊዜ ተናደድኩ። የሰው ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰው ይቃጠላሉ ያለው ማን ነው? ደግሞስ እጃቸው ባዶ ነው፤ ባዶ እጃቸውን ምን ያድርጉ?

የበልግ ዝናብ ሲጥል ከግቢያችን ጥግ ሳር ነጭቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ሽማግሌው እጅ አጠገብ ከፍሬሙ ጠርዝ ሰካሁት። ቁጣ ስጠብቅ አክስቴ ሳሩን አይታ ወደ ማጀቷ ገባች። ሳሩ ይደርቃል ብዬ ስፈራ ግን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ አገኘው ነበር፤ እኔ አልቀየርኩትም።

ለፋሲካ የንስሐ አባቷ ቤታችን መጡ። ከሩቅ አገር የመጡ ደግ ካህን ነበሩ። ሥዕሉን ቀና ብለው አይተው፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«የአያቴ ነው፤ እጃቸው ባዶ ስለሆነ» አልኩ ቀድሜ።

ካህኑ ፈገግ ብለው ሳሩን ሊነቅሉ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ለካህን ቀና ብላ መልሳ የማታውቀው አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በሥዕሉና በእሳቸው መሐል ቆመች።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አይነሣም። በእኛ አገር እርጥብ ሳር ከተያዘ ማንም አያልፈውም።»

«እሳትም?»

«እሳትም» አለች፤ ከቆመችበትም አልተነቃነቀችም። ካህኑ አዩዋትና እጃቸውን መለሱ።

ዛሬ አክስቴ አርጅታለች፣ የሥዕሉ እሳትም ወይቦ የሽሮ መልክ ይዟል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን ሳሩ ይቀየራል። ከሥሩ ተቀምጣ ልጄ በስልኳ ጨዋታ ገሃነም ገብታ አጋንንት ትገድላለች፤ ሲገድሏትም «ችግር የለም፣ ሌላ ነፍስ ይሰጠኛል» እያለች ትስቃለች። ትሳቅ፤ የተሳቀበት ገሃነም ይሻለኛል። እኛ ያኔ የምንሟገትላት አንዲት ነፍስ ብቻ ነበረችን፤ እሷንም ለእሳቱ አሳልፈን አልሰጠንም።