ሲፈን የሚለው ሊንክ

ባለቤቴን ሲፈንን ጌታ ከወሰዳት ወዲህ፣ በነቀምቴ የቤተ ክርስቲያናችንን ድረ ገጽ የምሠራው ትንሿን ልጃችንን እየጠበቅሁ ነው። ለሲፈንም ገጽ ከፈትኩላት፤ ከፎቶዋና ካረፈችበት ቀን በቀር ግን ምንም መጻፍ አቃተኝ።

ገጾቹን አንድ በአንድ ማያያዝ ሲሰለቸኝ፣ ገጽ ያለው ሰው ስም በተጠራበት ሁሉ በራሱ ሊንክ የሚያደርግ ኮድ ጻፍኩ። በሳምንቱ ከቢላ ከተማ አንድ ሰው ደውሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ? ድረ ገጹ ላይ ባወጣችሁት የልደት ዜና የሕፃኗን ልጃችንን ስም ስንነካው የሟች ገጽ ይከፈታል እኮ!»

ደነገጥኩ። ኮዱ ሕፃኗን ሲፈን ከእኔዋ ሲፈን አልለየም፤ አራስ ቤት ሐዘን አስገብቻለሁ።

«ይቅርታ ኦቦ፣ የባለቤቴ ገጽ ነው። አሁኑኑ ሊንኩን አጠፋዋለሁ።»

«ለምን ብለህ? ፎቶዋን አይተን አወቅናት፤ የመጀመሪያ ልጃችንን ያዋለደችልን ሲስተር ሲፈን እኮ ናት! የሕፃኗን ስም ያወጣነው በእሷ ነው።»

ልጄ ስልኩን ልትነጥቀኝ እየታገለች ትጮኻለች።

«የደወልኩት ገጹ ባዶ ሆኖብን ነው» አለ። «ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ጻፍበት እንጂ! የእኔዋ ሲፈን አድጋ ስትከፍተው ምን ታነባለች? ያቺ የምትጮኽብህስ?»