ሳትጨርሰው የወሰድኩባት መጽሐፍ

ያን ቅዳሜ ቤታችን ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ማህደር፣ ጎረቤታችን እማማ ወርቄ እና የጓደኛዬ የሙሉ ልጅ ብሌን። እኔ ግን አምስት ነን ብዬ ነበር የቆጠርኩት።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ ያየሁት መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ልጅ መዳፏን ግድግዳ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ወዲያው አወቅኳት።

ያኔ፣ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ሲሆን እንግሊዝኛዬም ለሥራ ያህል ብቻ ነበር። ጓደኛዬ ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ፣ ብሌን አሥራ ስድስት ዓመት ቢሞላትም ብቻዋን አትውልም ብላ ከወንዙ ማዶ፣ ከምትኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ድረስ አምጥታ እኔ ዘንድ ትተዋት ነበር።

የነቢያት ጾም ነው። በረዶ ሊጥል ሰማዩ አመድ መስሏል። ለምስር ወጡ ሽንኩርት ሳቁላላ፣ ምድጃው አጠገብ ካለው፣ በየክፍሉ ሙቀት ከሚያደርሰው የሂተር ቀዳዳ ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ ወፈር ያለ የሴት ድምፅ። የማህደር አይደለም። ብሌንም አይደለችም፤ እሷ እኛ ዘንድ ስትውል ቃል ከአፏ የሚወጣው በግድ ነው። ድምፁ በእንግሊዝኛ «አልሞትኩም» ይላል። ዝም ይልና ደግሞ «እናቴ፣ አልሞትኩም፤ ከግድግዳው ኋላ ነኝ» ይላል። ይህን ያህል እንግሊዝኛ እኔም አውቃለሁ።

እማማ ወርቄ ጎመን እየከተፉ ነበር። ሂተሩ እንደ እሳቸው ጉልበቱን አሞት እያቃሰተ እንደሆነ ነገሩኝ። ትንሽ ቆይተው እሳቸውም ሰሙት። ቢላዋውን አስቀምጠው አማተቡ።

«ሂተር እናት የለውም» አሉ።

ጸበል ቦታ ደጅ የጠናን ሰዎች የምናውቀው ነገር አለ። ሰው ላይ ያደረ መንፈስ በሰውየው ድምፅ አይናገርም። ጸበል ሲነካው ይለፈልፋል፤ ስምህን ተናገር ሲባል ይናገራል፤ ከተናገረ ይወጣል። ፍሪጅ ውስጥ ከብርቱካን ጭማቂው አጠገብ የማስቀምጠውን ጸበል አወጣሁ። ኮሪደሩ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው፣ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ልጆቹ ካሉበት ከማህደር ክፍል በር ጋ ስንደርስ ድምፁ ዝቅ አለ እንጂ አልቆመም።

ከፈትኩና ረጨሁ።

ብሌን መጽሐፍ ይዛ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ማህደር ፊት ለፊቷ ጉልበቷን አቅፋ ታዳምጣለች። ውሃው በብሌን ግንባር ወረደ። «ስምህን ተናገር» አልኩ፤ ለእሷ ሳይሆን ውስጧ አለ ላልኩት። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። መጀመሪያ መጽሐፉን በሹራቧ እጅጌ አደረቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማንም የለብኝም፣ እትዬ ዘነበች። እኔው ነኝ።»

ማህደር እያለቀሰች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ አስረዳችኝ። መጽሐፉ ሴት ልጅ ስላፈቀረች አንዲት ልጅ ነው። ቤተሰቦቿ እንደ ሞተች ቆጥረው ፎቶዋን ከግድግዳ አውርደዋል። ብሌንም እንደዚያች ልጅ ናት። ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ በልጅቷ ድምፅ ስታነብ ግን መናገር ትችላለች።

መጽሐፉን ወሰድኩባት። ያን ጊዜ እጄን ያዘችኝ።

«እባክዎ፣ ሃያ ገጽ ነው የቀረኝ። እስካሁን ባነበብኳቸው ሁሉ እንደኔ ያለችው መጨረሻ ላይ ትሞታለች። ይቺ ትኑር አትኑር ልየው።»

አልሰጠኋትም። በፌስታል ጠቅልዬ ሰኞ ወደ ሥራ ስሄድ ከቤተ መጻሕፍቱ የመመለሻ ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። ለሙሉ ግን የዚያኑ ዕለት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ልጅ መጠበቅ ማለት ያ ይመስለኝ ነበር። ሙሉ በበረዶ መጥታ ልጇን ወሰደቻት። መኪናው ሲነሳ ብሌን መዳፏን መስታወቱ ላይ አድርጋ ነበር።

ምስሩ አርሮ ነበር፤ ማናችንም አልበላንም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ሙሉ ቤት ስሄድ ብሌን የለችም። ግድግዳው ላይ የፎቶዋ ቦታ ብቻ ከሌላው ነጥቶ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። የት እንደ ሄደች ሙሉን ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ቤቴ ተመልሼ፣ ያን ድምፅ ዳግም እንዳልሰማ የሂተሩን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፍኩት። ክረምቱን ሙሉ በብርድ አሳለፍን።

በልጅነቴ፣ በማንበቢያ መጽሐፋችን ውስጥ ውሃ ቀድታ ትምህርት ቤት የምታረፍድ ልጅ ነበረች። ልክ እንደ እኔ ነበረች። ክፍሏን ታልፍ እንደሆነ ለማየት ስል ነው ፊደል አጥብቄ የያዝኩት። አለፈች፤ እኔም የማልፍ መስሎኝ ደስ አለኝ። ብሌንም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ጸበል ረጨሁባት።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ፣ ከዓመታት የማታ ትምህርት ባገኘሁት እንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ የቀሩትን ሃያ ገጾች አነበብኩ። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ልጅቷ አልሞተችም። አድጋለች፤ የራሷ ቤት አላት። ከምትወዳት ሴት ጋር ገበታ አቅርባ፣ መስኮቱን ከፍታ ትቀመጣለች።

ይህን ልነግራት እፈልጋለሁ። ብሌን አሁን ሠላሳ ዓመት ሳይጠጋት አይቀርም። ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ ስታነብ ድምፅዋ ይወፍራል። ያያት ሰው ካለ፣ ደህና መሆኗን ይንገረኝ።