አብዱን ያሰርን ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ አለሚቱ አዲሷን ሠራተኛዋን ስትቆጣ ሰማሁ። ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። አለሚቱ ግን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «አባ ካሳ፣ ይቺን ይዩልኝማ! ከኋላዋ ሙቀጫውን ብጥለው ዘወር ብላ አየችኝ። ምን ደንቆሮ ናት፣ ሲያሰኛት ትሰማለች እንጂ» አለችኝ።

«ዝም በይ!» አልኳት። ደነገጠች። ይህችኑ «ሲያሰኛት ትሰማለች» የምትል ቃል እኔም በሃያ ዓመቴ ተናግሬያታለሁ፤ በዚያች ቃል ምክንያት አንድ ሰው ሊጠፋ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ያኔ የባሻ ደምሴ በቅሎ ነጂ ነበርኩ። ከወለጋ አሞሌ ጨውና አቡጀዴ ጭነን ሆሞሻ አጠገብ ካለች የበርታዎች መንደር ስንደርስ ክረምቱ ያዘን። የዳቡስ ወንዝ ከኋላችን ሞልቶ መመለሻ አጣን። ያሳደሩን ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሥጋቸውን አንበላም፤ ገንፏቸውን በባሚያ ወጥ ግን እንጠርገው ነበር። ዝናቡ ሲበረታ የቀርከሃ ቡቃያ ይቀቅሉልናል። መረር ይላል፤ ጣዕሙ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም።

ለበቅሎዎቻችን ሣር የሚያጭደው የወንድማቸው ልጅ አብዱ ነበር፤ እኩያዬ ነው። አይሰማም፣ አይናገርም ተባልን። እኔ አላመንኩም። ጊዜው ክፉ ነበር። ባሪያ ፈንጋይ በየጫካው ያደባል፤ አብሮህ የበላ ሰው ነገ ለማን እንደሚያቀብልህ አታውቅም። አብዱ ደግሞ ዓይኑን ከአፋችን አይነቅልም። ከኋላው ስመጣ ሳልደርስበት ይዞራል። አንድ ቀን ከጀርባው ቆሜ እናቱን ሰደብኩ፤ ማጨዱን አልተወም። ኮርቻ መሬት ላይ ስወረውር ግን ዞረ። «ያዝኩህ!» አልኩ በልቤ።

የእጁን ቋንቋ የተማርኩትም ላጋልጠው ብዬ ነው። ሁለት ጣት እንደ ጆሮ ጭንቅላት ላይ አቁሞ ጎንበስ ማድረግ በቅሎ ነው። መዳፍን እያወዛወዙ ማሳለፍ ወንዝ ነው። የራስን የእጅ አንጓ ጨምቆ መያዝ ፈንጋይ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ያወጣው ቋንቋ ነው። አብዱ ሲያስተምረኝ ደስ ይለው ነበር። ስሳሳት ይስቃል፣ ጣቴን ይዞ ያቃናልኛል። በልቤ ያለውን አላወቀም።

ማሽላው ሲሰበሰብ ዋዛ ወጣ። ዋዛ ረጅም የቅል መለከት ነው፤ ከአዝመራ ወራት ውጭ አይነፋም። አሥር ያህል ሰው ይሰለፋል፤ ለእያንዳንዱ አንዲት ድምፅ ብቻ አለችው፣ ተራው ሲደርስ ይነፋታል። እያንዳንዱም ትከሻው ላይ ባላ እንጨት አንግቦ በከብት ቀንድ ይመታዋል። አብዱ መሀል ቆሞ ነፋ። አንዴም ተራው አላመለጠውም!

«ሲያሰኘው ይሰማል» አልኩት ለባሻ። «ወሬያችንን ለፈንጋዮች የሚያደርሰው እሱ ነው።»

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሁለት በቅሎ አጣን። አብዱ እያለከለከ መጥቶ ፊቴ ላይ እጁን ሲያወናጭፍ ባሻ አስያዘውና የፊጥኝ አሳሰረው።

«ለገዥው ጭፍሮች አስረክበዋለሁ!» አለ። ወደዚያ የተነዳ ሰው ተሽጦ ይቀራል እንጂ አይመለስም። ሁላችንም እናውቃለን።

ኢድሪስ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። «ልጁ ምን አጠፋ?»

«ይሰማል» አልኳቸው። «ባይሰማ ዋዛውን በምን ነፋው?»

«አንተ ልጅ፣ ዋዛ በጆሮ ብቻ ነው ያለ ማነው? ና ወዲህ።»

ጆሮዬን በሰም ደፈኑት፣ ራሴን በጋቢ ጠቀለሉት። ባላውን ትከሻዬ ላይ አድርገው በቀንድ መቱት። ምቱ በአንገቴ አጥንት ገብቶ ጥርሴ ድረስ ደረሰ። መቱ፣ ተዉ። መቱ፣ ተዉ። ሦስተኛው መቼ እንደሚመጣ ሳይመታኝ በፊት አወቅሁ።

ጋቢውን ፈቱልኝ። «ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«አወቅህ?»

የወረወርኩት ኮርቻ ትዝ አለኝ። ለካ ለአብዱ የነገረው መሬቱ ነው።

ባሻ ግን የታሰረው ሰው ላይ ይጮሃል፤ «ተናገር! በቅሎዎቼን የት አደረስካቸው?» አብዱ ትከሻውን እየናጠ ይንፈራገጣል። ዞሬ ጀርባውን አየሁ። ገመዱ ውስጥ ሁለት ጣቶቹ ቆመው ያጎነብሳሉ።

«ባሻ፣ እጁን አስረን እኮ ነው ተናገር የምንለው! ይፍቱት!»

«ቢያመልጥስ?»

«ካመለጠ እኔን ይሰሩኝ።»

ፈቱት። «በቅሎ» አለ በእጁ። አንጓውን ጨመቀ፤ ፈንጋይ። «ወንዝ» አለ። ከዚያ ደረቱን መትቶ ማዶ ያለውን የቀርከሃ ጫካ አሳየኝ። ፈንጋዮቹ ሲመጡ አይቶ በቅሎዎቹን መንደሩ ሥር ያለውን ትንሽ ወንዝ አሻግሮ ደብቋቸዋል። ጠዋት ፊቴ ላይ ሲያወናጭፍ ያለውም ይህንኑ ነው። አንድም የማላውቀው ምልክት አልነበረበትም፤ ሌባ ነው ብዬ ስለጨረስኩ አላየሁትም።

በቅሎዎቹን ቀርከሃው ውስጥ ሆዳቸው ድረስ ርሰው አገኘናቸው። ባሻ ወለጋ እስክንገባ «ራሱ ሰርቆ ይሆናል» ከማለት አልተመለሰም።

ዳቡስ ጎድሎ እስክንነሣ አብዱ ሣር ማጨዱን አላቋረጠም። ግን ዳግመኛ ጀርባውን ሰጥቶኝ አያውቅም። ስሳሳትም ጣቴን ማቃናት ተወ። ይቅርታ በእጅ እንዴት እንደሚባል ሳልማር ቀረሁ።

ይህን ሁሉ ለአለሚቱ ነግሬ ወደ ልጅቱ ሄድኩ። መዳፌን እያወዛወዝኩ አሳለፍኩላት። የአብዱ ምልክት ለሷ ምንም አይደለም። እጄን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ እንስራዋን እንዳቀፈች ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች።

«ምን አለችዎ?» አለች አለሚቱ።

«ገና አላመንኩህም ነው የምትለው። ደግ አደረገች፤ እኔም ብሆን አላምነኝም። አንቺ ግን የምትጠይቂያት ነገር ካለ መጀመሪያ እጇን ፍቺላት።»

አለሚቱ አጉረመረመች። ሽማግሌ ሲጃጅ እንዲህ ነው ያለች መሰለኝ። ግን ሄዳ እንስራውን ከልጅቱ እጅ ተቀበለቻት።