ደስታ ወንድ የነበረችበት መንገድ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ብዙ የሚያናድድ ነገር አይቼ ረስቻለሁ። ይህን ግን መርሳት አልቻልኩም፤ ነገሩ ገና አላለቀማ!

ታናሽ እህቴ ደስታ ዳንግላ አስተማሪ ናት። አጫጭር ልብ ወለድም ትጽፋለች፤ ስለ ፍቅር፣ ያውም አልጋ ድረስ ስለሚዘልቅ ፍቅር። ነውረኛ ቃል አታስገባም፤ ግን ስታነቡት ፊታችሁ ይግላል። አንዱን ታሪኳን ለአንድ የቴሌግራም ቻናል ሰጠችና ድምፀ መልካም ወጣት ተረከው። የቀሩትን ሰብስባ መጽሐፍ ልታደርጋቸው ትመኛለች፤ ግን ትፈራለች። «መጀመሪያ ሰው ይህን እንዴት እንደሚቀበለው ልይ። ከጠሉት መጽሐፉ ይቀራል» ብላኝ ነበር።

ያን ቀን ከቆሰበር ወደ ዳንግላ ስንመለስ ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥን። ሾፌሩ ዘፈኑን ለቆታል። ዳሌዋ፣ ጡቷ፣ ከንፈሯ እየተባለ የሴት አካል አንድ በአንድ ሲዘረዘር ማንም ቅር አላለውም። ከኋላችን የተቀመጡት ሽማግሌ እንኳ በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ እያደረጉ ነበር።

ጥቂት እንደሄድን የሾፌሩ ስልክ ባትሪ ጨረሰ። «እህቶች፣ እስኪ የእናንተን አገናኙልኝ፤ መንገድ ያለ ዘፈን አይገፋም» አለ። የኔን በብሉቱዝ አገናኘሁለት። ያሉኝ ዘፈኖች ትንሽ ናቸው፤ አለቁና ስልኩ በራሱ ጊዜ ወደ ደስታ ታሪክ ተሻገረ። ደንግጬ ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይው» አለች ቀስ ብላ።

ታሪኩ ከሰል ስለሚያከስል ሰው ነው። ባልየው የሚከስለውን የእንጨት ክምር ሲጠብቅ ጫካ ይሰነብትና ጠቁሮ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ውሃ አሙቃ፣ በሩን ዘግታ ታጥበዋለች። ጥላሸቱ በለቀቀ ቁጥር ስትናፍቀው የሰነበተችውን አንድ ነገር ታገኛለች፤ ትከሻውን፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ ወገቡን። ውሃው ሳያልቅ እሷም ረጥባለች። እኔ እዚህ ላይ ላቁም፤ ደስታ ግን እዚህ ላይ አላቆመችም።

ሾፌሩ መንገድ ዳር እጁን ያነሳለትን ሰው ሳያይ አለፈ። በመስኮቱ የተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ ይታያል፤ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ነው የሚሰማው። አዲስ ቅዳም ከተማ ልንገባ ስንል ታሪኩ አለቀና ተራኪው «ደራሲ፣ ደስታ» ብሎ ዘጋ።

«ወይ ጉድ!» አሉ ሽማግሌው። «ይሄ ልጅ በደጄ ቆሞ አይቶኛል እንዴ? እኔም እኮ በጉብዝናዬ ከሰል አክስያለሁ።» ሚኒባሱ በሳቅ ፈነዳ።

አጠገባቸው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ የቢሮ ሰው የሚመስል ጎልማሳ ነበር። «ደራሲ ማለት እንዲህ ነው» አለ። «የሴትን ልብ ገብቶ አይቶታል። ይሄ ደስታ የሚባለው ልጅ የበሰለ ሰው ነው።»

«ለሚስቴ አሰማታለሁ፤ ትማርበት» አለ ሾፌሩ።

ደስታን አየኋት። ልጅ ሆና ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ዕለት የነበራት ፊት ነው። ዞር አለችና እየሳቀች «ሴት እኮ ናት የጻፈችው» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«ሴት?» አለ ባለ ሸሚዙ። «እንደዚያ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው። ይሄ ድርሰት አይደለም፤ የራሷን ገመና ነው አደባባይ ያሰጣችው።»

«ስንቱን ብታጥብ ነው እንዲህ የተካነችው!» ሾፌሩ መሪውን እየመታ ሳቀ።

ሽማግሌው አማተቡ። «አይ ዘመን! እናት አባት የላትም? ሳናውቅ አሰማችሁን እኮ፣ ልጆቼ።»

ያው ታሪክ ነው እኮ! አንዲት ፊደል አልተነካችም። ያው ጥላሸት፣ ያው ውሃ። አዲስ ቅዳም እስክንደርስ ድርሰት የነበረው፣ አዲስ ቅዳምን ስናልፍ ብልግና ሆነ።

ድንች በማዳበሪያ ጭና መሀል የተቀመጠች ሴት ብቻ «ታዲያ ባሏን እሷ ካላጠበችው ማን ሊያጥበው ኖሯል? አጣቢዋ እሷ፣ አውሪው ሌላ?» አለች። ሳቁባት። እሷም በአካባቢው ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ አንድ ነገር ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ምን እንዳለች ባውቅ እንዴት ደስ ባለኝ።

ከኋላ አንዲት ተማሪ የምትመስል ልጅ ደግሞ «እኔ ሴት መጻፏን አልቃወምም» አለች። «ግን እኛንም ታሰድበናለች። ነገ ሁላችንንም በዚያ ዓይን ነው የሚያዩን።» እህቴን አብልጦ የወጋት ይሄኛው ይመስለኛል። ከወንዶቹ ስድብ ሳትሸሽ ቆይታ፣ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች።

ባለ ሸሚዙ ወደ ጋቢናው ጎንበስ አለ። «ለመሆኑ አንቺ በምን አወቅሽ? ታውቂያታለሽ?»

ደስታ የስንቱን የዳንግላ ሰው ልጅ እንደምታስተምር አስቡት። ከእነዚህ ተሳፋሪዎች አንዱ ነገ የወላጅ ስብሰባ ላይ ፊቷ ሊቀመጥ ይችላል።

«አላውቃትም» አለች።

ያኔ ደሜ ፈላ። «ከቆሰበር ጀምሮ ጡትና ዳሌ ሲዘፈንብን የት ነበራችሁ? ያኔ ለምን አላማተባችሁም?» ብዬ ጮህኩ።

«እሱማ ዘፈን ነው» አለ ሾፌሩ። ሊያሾፍብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ከልቡ ነው ያለው። አፌን ልከፍት ስል ደስታ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ለእሷ ስል ዝም አልኩ።

ዳንግላ መናኸሪያ ስንወርድ «ወንድ እያለሁ ጥሩ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። ስቃ ነው ያለችው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

መጻፏን አላቆመችም። አሁን ታሪኮቿን በወንድ ስም ታወጣለች። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ መሆኑን ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። መጽሐፉም በዚያው ስም ሊታተም ነው። አስተያየት የሚሰጡት ሁሉ «ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ» ይላሉ። እሷ ታነብልኝና ትስቃለች፤ እኔ እቃጠላለሁ።

በቀደም ለታ ብቻዬን ሚኒባስ ስሳፈር ያው ሾፌር ገጠመኝ። አላወቀኝም። አዲሱን ታሪኳን ከፍቶ ነበር። «ስሚው ይሄን» አለኝ። «አንዴ አንዲት ባለጌ የጻፈችውን ሰምቼ ነበር። ይሄ ግን ጨዋ ነው፤ ያውቅበታል። ጎበዝ አይደለም?»

ልነግረው ከጉሮሮዬ ደርሶ ነበር። መሐላዬ ያዘኝ።

«ነው» አልኩት።

እህቴን በገዛ አፌ ወንድ አደረግኳት። ሽማግሌውን፣ ባለ ሸሚዙን፣ ሾፌሩንም አንድ ቀን እረሳቸው ይሆናል። ያቺ «ነው» ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለች። ይህን የጻፍኩትም እዚያ ሚኒባስ ውስጥ የዋጥኩትን ለመትፋት ነው፤ ጎበዝ ናት።