ጋሼ ብየዳ ሴት ናት

በስልክ ጠጋኞች የኢንተርኔት ግሩፕ ውስጥ ያሉት አራት ሺህ ሰዎች የልጅ ልጄን «ጋሼ ብየዳ» ይሏት ነበር። ብየዳ ራሷ ያወጣችው ስም ነው። ጋሼን የጨመሩላት እነሱ ናቸው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከእኔ ከአሮጊቷ እንኳ ትቀጥናለች።

መጀመሪያ ወደ ግሩፑ የገባችው በራሷ ስምና በራሷ ፎቶ ነበር። የአንድ ስልክ የውስጥ ቦርድ ፎቶ አንስታ «እዚህ ጋ ኃይል አይደርስም፤ ምን ልፈትሽ?» ብላ ጠየቀች። አሥራ ስምንት መልስ መጣላት። አንዱ ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት። አንዱ ባል እንዳላት ጠየቃት። አንዱ «እጅሽ እንዳይቃጠል፣ ማድ ቤት ይሻልሻል» አላት። ስለ ቦርዱ የተነፈሰ አልነበረም። ወጣች። በሳምንቱ በሌላ ስም፣ በፎቶዋ ቦታ የመበየጃ ካውያ ጫፍ ለጥፋ ተመለሰችና ያንኑ ጥያቄ ቃል በቃል ጠየቀች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አምስት ሰው ቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ተንትኖ አስረዳት።

«አየሽ እማማ፣ ያው ጥያቄ እኮ ነው» አለችኝ። አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት በዚያ ስም ኖረች። ትምህርት ቤቷ ግሩፑ ነበር። ቀድሞ የተቀጠረችበት ትልቁ የጥገና ቤት ስልክ እንድትቀበልና ወለል እንድትጠርግ እንጂ ካውያ እንድትይዝ አልፈቀደላትም። ግሩፑ ግን የማታውቀውን ስትጠይቅ ይነግራታል፤ ያወቀችውን ስትናገር ይሰማታል። እያደር የምትጠይቀው አንሶ የምትመልሰው በዛ። ሌላው የተወውን ቦርድ «ጋሼ ብየዳ ይየው» ማለት ጀመሩ።

የምትሠራው በቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ በሩ ወደ መንገድ ይከፈታል። ደንበኛ ሲገባ እሷን አልፎ ወደ ጓዳ ያያል።

«ጠጋኙ የለም እንዴ?»

«አሁን ይመጣል፤ ስልኩን ተውለት።»

መጋረጃውን ጋርዳ ትሠራዋለች። ሰውየው ሲመለስ «መጥቶ ሠርቶት ሄደ» ትለዋለች። አንዱማ «እጁ ይባረክ በይልኝ» ብሏታል። «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አለችው። ያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ጠጋኝ ሲሠራ ሁለቱም እጁ ይያዛል፤ ስለዚህ ግሩፑ ውስጥ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚያወራው በድምፅ መልእክት ነው። እሷ ድምፅዋን መልቀቅ አትችልም። ዓይኗም ከማይክሮስኮፑ አይነሣም። መላው እኔ ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ ከጎልማሶች ጋር ነው። አጠገቧ በርጩማ ላይ እቀመጥና የመጣውን አነብላታለሁ፤ የምትለውን ደግሞ እጽፋለሁ። ንባቤ ዘገምተኛ ነው። መጀመሪያ ድምፁን አወጣለሁ፤ ትርጉሙ ከኋላ ሮጦ ይደርስብኛል።

ነገሩ የመጣው አንድ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ነው። እሷ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ዕቃ በሙቅ አየር እየነቀለች ነበር። በሩቅ ከተማ ፎቶ ቤት ያለው አንድ ሰው ጻፈ። የላፕቶፑ ባትሪ አብጦ ቁልፎቹን ወደ ላይ ገፍቷቸዋል። ክዳኑን ፈቶ ፎቶ አንስቶታል። «ሲነኩት ይሞቃል። ምን ላድርግ? ባለቤቴ ገበያ ሄዳለች፣ ሕፃኗ እዚሁ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች፤ ቤቱን ጥዬ የትም መሄድ አልችልም።»

ይህን አንብቤ ሳልጨርስ ኮረንቲ መለሰለት። ኮረንቲ የግሩፑ አውራ ነው፤ ያልጠየቁትንም የሚመልስ፣ ሁሉንም አውቃለሁ ባይ። የጻፈውን ሆሄ በሆሄ አነበብኩት። «ቀላል ነው። በመርፌ አንዴ ወጋ አድርገው። ጋዙ ይወጣና ይተነፍሳል። እኔ ስንቱን እንዲህ አስተንፍሻለሁ!»

የልጅ ልጄ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አለ? ድገሚልኝ!»

ደገምኩላት።

«ጻፊ እማማ! አትውጋው በይው። ቻርጀሩን ይንቀል። በብረት አይነካካው። መጀመሪያ ግን ልጅቷን ከዚያ ክፍል ያውጣት!»

ስልኩን አንስቼ ፊደሎቹን መፈለግ ጀመርኩ። «አትውጋው»ን ጻፍኩና ላክሁ። የተላከ ስላልመሰለኝ ያንኑ ቦታ ደግሜ ተጫንኩ፤ እርሳስ ስይዝ እንደማደርገው፣ ጠበቅ አድርጌ። ለካ ጽሑፉ ሲሄድ ያ ቦታ ወደ ድምፅ መቅጃ ይለወጣል፤ ጣት እስካለበት ድረስ ይቀዳል፤ ጣት ሲነሣ ይልከዋል። የሆነውን ያወቅሁት ከስልኩ የራሳችንን ድምፅ ስሰማ ነው።

«ፍጠኚ እማማ፣ ልጅቷን ያውጣት በይው እንጂ!»

«ቆይ ልጄ፣ አታጣድፊኝ፤ ገና አትውጋው ላይ ነኝ።»

አራት ሺህ ሰው ሰማን።

ላጠፋው ብዬ ብነካካ ያው መልሶ ይጮኻል። የሰው መልእክት እንደ በረዶ ይወርድ ጀመር። የለመድኩት ሥራ ስለሆነ ብቻ፣ ማንበቤን ቀጠልኩ። የማነበውን ሳላውቀው ከአፌ ይወጣል።

«ጋሼ… ብየዳ… ቀሚስ… ለበሰ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ከሴት ነው እንዴ ስንማር የኖርነው?»

«አሮጊቷ ደግሞ ማናት? ዋና መሐንዲሷ ትሆን?»

«ተዪው እማማ፣ የእነሱን አታንብቢ» አለችኝ። «እሱ ምን አለ? ባለ ፎቶ ቤቱ?»

ኮረንቲ ቀድሞታል። «ወንድሜ፣ ሁለት ሴቶች ስለደነገጡ አንተም ልትደነግጥ ነው? ውጋውና ሥራህን ቀጥል።» ከሥሩ ሃያ ሰው ስቋል።

ቀጥሎ ሰውየው ጻፈ። «ግራ ገባኝ። የማንን ልስማ? መርፌው እጄ ላይ ነው።»

የልጅ ልጄ ፊቷን ከማይክሮስኮፑ አነሣች። የሙቅ አየሩን መሣሪያ እንዲሁ ጣለችው። ስትነቅለው የነበረው ዕቃ ተንሸራቶ ቦርዱ ላይ ሌላ ቦታ ተጣበቀ፤ የአራት ሰዓት ሥራ ነበር። ስልኩን ከእጄ ወሰደች፤ አውራ ጣቷ ያ የድምፅ መቅጃ ቦታ ላይ ቆመ።

«እኔ ልጻፍልሽ ልጄ። ቶሎ እጽፋለሁ፤ እውነቴን ነው።»

«አይደርስም እማማ።»

ተጫነችው።

«ስማኝ ወንድሜ። በሴትነቴ በኋላ ስቁብኝ፤ አሁን ስማኝ። ባትሪው ከተወጋ ይነድዳል፤ ጭሱም መርዝ ነው። መርፌውን አስቀምጥ። ባትሪውን እንዳታየው፣ እንዳትነካው። ሕፃኗን አንሣና ውጣ። ጫማህን አትፈልግ፣ ዕቃ እንዳታነሣ፣ እንዳትመልስልኝ። ውጣ። ለጎረቤት ስጣትና አሸዋ ይዛችሁ ተመለሱ። ጭስ ካለ ማንም እንዳይገባ። በል ሂድ!»

ለቀቀችው። ድምፅዋ እንዲህ ወፍራም መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ጠበቅን። ሰውየው መስማቱን የሚያሳይ ነገር የለም። ሌሎቹ ግን አላቆሙም። አንዱ አነጋገሯን አስመስሎ ቀድቶ ለቀቀ። አንዱ «የሰፈር ፖሊስ» አላት። እሷ ቆማ ጓንቷን ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች። አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ጠጋኙ—» ማለት ሲጀምር «ቆይ!» ብላ ጮኸችበት፤ ሰውየው ወደ መንገዱ ተመለሰ። ሰባት ደቂቃ ሞላ። ስምንት። «ወግቶት ይሆን?» አልኳት። ባልል ይሻለኝ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ የድምፅ መልእክት መጣ። መጀመሪያ የሕፃን ለቅሶ ሰማን። ቀጥሎ ሳል፤ የብዙ ሰው ጫጫታ።

«ወጥተናል… ወጥተናል። እህቴ፣ አንቺ ከመናገርሽ በፊት ነካ አድርጌው ነበር። በጣም ትንሽ ነው የነካሁት። ምንም አልሆነም ብዬ ቆሜ ሳለ ድምፅሽ መጣ። ልጄን አንሥቼ የበሩን ደፍ ስሻገር ከኋላዬ ቧ አለ። መጋረጃው ነድዷል። ፍራሿ ነድዷል። እዚያው ነበረች እኮ… ፍራሹ ላይ ነበረች።»

የልጅ ልጄ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔም ከበርጩማዬ ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከአራት ሺህ ሰው አንድ የሚጽፍ ጠፋ።

ጸጥታው የቆየው ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ አድሚኑ ደወለ። ግሩፑን ያቋቋመው እሱ ነው፤ ሬዲዮ ሲጠግን ያረጀ፣ ረጋ ያለ ሰው። ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተችው።

«እህቴ፣ ትልቅ ሥራ ሠርተሻል፤ አልክድም» አለ። «ነገር ግን ሰዉ ተቀይሟል። ተታለልን ነው የሚሉት። በግል የሚጽፍልኝ ብዙ ነው። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ አንዲት መስመር ጻፊ፤ ማንነቴን ስለደበቅሁ ይቅርታ በይና ይብቃ። የቀረውን እኔ አበርደዋለሁ።»

«ካልጻፍኩስ?»

«ካልጻፍሽ ላስወጣሽ እገደዳለሁ። ግሩፑ እንዳይበተን ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ፈራሁ። ከዚያ ከወጣች ነገ ያልገባትን ቦርድ ማንን ትጠይቃለች? ለማን ታስረዳለች? እንደገና ወለል ጠራጊ ልትሆን ነው? ደግሞ ጉዱን ያመጣው የእኔ ጣት ነው።

«ጻፊላቸው ልጄ። አንዲት መስመር ምን አላት? እኔ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺ አትይው።»

ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም።

«ምን አጥፍቼ እማማ?»

ሄዳ ፊቷን ታጠበች፤ ተመልሳ መጣችና እንደገና ድምፅዋን ለቀቀች።

«ሰላም ለሁላችሁም። ወንድ ነኝ ያልኩበትን አንድ መልእክት ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ሁሉ እዚሁ አለ። ካገኛችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ማንም ሳያስወጣኝ እወጣለሁ። በስሜና በፎቶዬ መጥቼ የጠየቅሁበት ቀንም እዚሁ አለ፤ ምን እንደመለሳችሁልኝ እግረ መንገዳችሁን እዩት። አንድ ሰው ግን ዛሬ ይቅርታ ይገባዋል። ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ የተኛችበት ሰውዬ።»

መፈለግ ጀመሩ። ለነገሩ የጀመሩት ሊያዋርዷት ነው። «አገኘሁ» እያሉ የድሮ መልእክት ያመጣሉ፤ ሲነበብ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ ያስረዳችበት ይሆናል። ሌላ ያመጣሉ፤ ውኃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ እንዳይቀበር የመከረችበት ይሆናል። አንዱ «ይሄንን እኔ ነኝ የጠየቅሁት፤ ያን ቀን ሱቄን አድኖልኛል» ብሎ ጻፈና ወዲያው አጠፋው። ቀጥሎ ስለ ተሰነጠቀ ስክሪን የሰጠችው ምክር መጣ። የስድብ ቁጥር እየቀነሰ ሄደ እንጂ አልቆመም። እሷ የተበላሸውን ቦርድ እያገላበጠች ታያለች፤ የምታየው ግን አይመስለኝም። አሥር ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድም አለፈ። በየደቂቃው ስልኩን አያለሁ፤ ካስወጧት ስልኩ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አላውቅምና ቃሉን ሳላውቀው እንዳላነበው ሰጋሁ።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አድሚኑ በግሩፑ ላይ ጻፈ። ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም አየሁት። ወንድ ነኝ ያለችበት ቦታ የለም። መጀመሪያ ጋሼ ያልኳት እኔ ነኝ። በስሟ ስትመጣ የመለሳችሁላትንም አየሁ፤ ያን ቀን ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። እህታችን ትቆያለች። ለማይስማማው በሩ ክፍት ነው።»

የወጡ ነበሩ፤ ስድሳ አንድ ሰው ቆጠርኩ። ኮረንቲ ግን ከወጡት ውስጥ አልነበረም። አድሚኑ ለብቻዋ «እሱን ላስወጣው?» ብሎ ጠየቃት። ልትመልስ ስልኩን ስትቀበለኝ እጇ በረዶ ነበር፤ በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አታስወጣው» አለችው። «መርፌ የመከረበት ጽሑፍም እንዳይጠፋ። ነገ ባትሪ የሚያብጥበት ሌላ ሰው ያንብበው።»

ይህን ካለች በኋላ በግሩፑ ላይ ከኮረንቲ ስም ሥር «እየጻፈ ነው» የሚል ብቅ አለ። ጠፋ። ደግሞ ብቅ አለ። ምን ሊያወርድባት ነው ብዬ ሰጋሁ። ረጅም ነገር እየጻፈ የሚያጠፋ ይመስላል። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ሲልና ሲጠፋ ቆይቶ በመጨረሻ አንዲት መስመር መጣች፤ ለእሷ ሳይሆን ለባለ ፎቶ ቤቱ።

«ልጅህ ደህና ናት?»

«ሌላስ?» አለችኝ።

«ሌላ የለም።»

ሰውየው «ደህና ናት» ብሎ መለሰለት። የልጅ ልጄ የማይክሮስኮፑን መብራት አበራችና የተንሸራተተውን ዕቃ መፈለግ ጀመረች።