ጆሮው ደህና የተባለው አገር

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን አገሩ ሁሉ ተናጋሪ ሆነ። ሐይቅ ከተማ ሻይ ቤት የገባ ሁሉ ያወራል፤ የሚሰማ ግን አልነበረም። በዚያው ሰሞን ነው አንድ ዶክተር ስለ ጆሮና ጉሮሮ ሕመም ሊያጠና ከአዲስ አበባ የመጣው። እኔ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩና ከሌሎች ጋር መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ መረጠኝ። ሰውየው ደግ ነው፤ ጫማው ብቻ ለአምባሰል ጭቃ አልተፈጠረም።

ሁለት ቀን አሠለጠነን። የሥልጠናው ፍሬ ነገር "ተጠያቂው ያለውን ብቻ ሙሉ፤ ከራሳችሁ አንድ ቃል እንዳትጨምሩ" የሚል ነበር። ችግር ለተገኘበት አካባቢ የጆሮ ስፔሻሊስትና መድኃኒት እንደሚላክ ሲነግረን ደስ አለኝ። የአባቴ ቀኝ ጆሮ መግል ማውጣት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ጤና አዳም ጨምቆ ያንጠባጥብበታል፣ ከዚያ ጥጥ ይወትፍበታል፤ ሌሊት ግን መግሉ ትራሱን ያበላሸዋል። ደሴ እንሂድ ስለው "ለጆሮ ብሎ ደሴ የሄደ ማን አለ?" ይለኛል። ስፔሻሊስቱ ደጁ ድረስ ከመጣማ የት ያመልጠኛል ብዬ ነበር።

ዶክተሩ ያልጠየቀን፣ እኛም ያልነገርነው አንድ ነገር አለ። የኛ አገር ሰው እንግዳ ገና አረፍ ከማለቱ ሕመሙን አይዘረግፍም፤ ነውር ነው። ሙስሊሙን ብትጠይቀው "አልሐምዱሊላህ"፣ ክርስቲያኑን ብትጠይቀው "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው መልሱ። ሕመም የሚነገረው እንግዳው ሲሸኝ፣ አጥሩ ጋ ነው።

ውጫሌ አጠገብ አንዲት እናት ቤት ገባን። ያቀፏት ልጅ ጆሮ ላይ ዝንብ ሰፍሯል።

"ልጅዎን ጆሮዋን አሟት ያውቃል?"

"ኧረ ደህና ናት፣ ምን ትሆናለች።"

"ፈሳሽ ነገርስ ያወጣል?"

"የለም፣ አልሐምዱሊላህ።"

ሞላሁና ታብሌቱ ላይ "ላክ" የሚለውን ነካሁ። የቀረበልንን እርጎ ጠጥተን፣ መርቀውን ተነሣን። አጥሩ ጋ ስንደርስ ሴትየዋ ክንዴን ያዝ አድርገው "የኔ ልጅ፣ ለዚች ለጆሮዋ ጠብታ ቢጤ አልያዝሽም? አላስተኛ አለችኝ እኮ" አሉኝ። ዞር ብዬ ዶክተሩን አየሁት።

"ፎርሙ ተልኳል" አለ። "ከቃለ መጠይቁ በኋላ የተነገረ አይቆጠርም።"

ለካ የአምባሰል ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲታመም የኖረው በማይቆጠረው ሰዓት ነው። የሄድንበት ቤት ሁሉ እንዲሁ ሆነ። የጉሮሮውማ አይነሣ፤ የልጁን እንጥል ያስቆረጠው ሁሉ፣ ነርሷ ትቆጣኛለች ብሎ፣ እንጥል የሚባል ነገር ሰምቼም አላውቅ ሊለኝ ምንም አልቀረው።

የሚጠየቁት ቤቶች የሚመረጡት በዕጣ ነበርና ዕጣው የኛን ቤትም አወጣው። አባቴ ንጹሕ ጋቢ ደርቦ፣ ጥጡን ከጆሮው አውጥቶ ኪሱ ከትቶ ጠበቀን። እንግዳ ማክበሩ ነው። ታብሌቱ አንቱ ስለሚል እኔም የገዛ አባቴን አንቱ አልኩት።

"ጆሮዎን አሞዎት ያውቃል?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው" አለ፣ እኔን ሳይሆን ዶክተሩን እያየ።

አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጎበዝ ሠልጣኝ ነኝ፤ "የለም" የሚለውን ነካሁ። አጥር ጋ ሸኝቶ እንዳይነግረኝ ደግሞ ቤቴ ነው፣ የት ይሸኘኛል?

ውጤቱ ሲመጣ የአካባቢው ሰው ጆሮ ደህና ነው ተባለ። አንድ ሹም ስብሰባ ላይ ሲኮራበት ሰማሁ። ስፔሻሊስቱም መድኃኒቱም ወደ ሌላ ወረዳ ሄዱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጎረቤቱ አባቴን "ነርስ ወልዶ በጥጥ ይኖራል" እያለ ሲስቅበት እንደከረመ የሰማሁት ከሁሉ በኋላ ነው። ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ግን በጎረቤቶቼ ነበር።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ደረሰ። ሸሽተን ስንመለስ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ጥጥ እንኳ አልተረፈውም። የአባቴ ግራ ጆሮም መግል ማውጣት ጀምሯል። ሰው ሁሉ ስለ ጦርነቱ ወሬ ለመስማት ሬዲዮ ይከባል፤ አባቴ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ "ባትሪው ደክሟል" ይላል። ባትሪ ቀየርኩለት። እሱንም ደክሟል አለኝ።

መንገድ ሲከፈት እየጎተትኩ ደሴ ወሰድኩት። ሐኪሟ ሁለቱንም ጆሮ በመብራት አየችና "ታምቡሩ ተበልቷል፤ ቁስሉም ወደ ውስጥ ዘልቋል። በጊዜ መጥተው ቢሆን መስሚያቸው ይተርፍ ነበር" አለችኝ።

ወጥተን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ያዝን።

"ምን አለች?" አለኝ እየጮኸ።

ልዋሸው አስቤ ተውኩት። ጆሮው ላይ ተደፍቼ ሐኪሟ ያለችውን ደጋግሜ ጮህኩበት። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሰማ፤ በመጨረሻ እሱም ሰማ። ሳይቆጣ፣

"ዶክተሩ የመጣ ጊዜ ትራሴን የምታጥቢው አንቺ አልነበርሽ?" አለኝ።

"እኔ ነበርኩ" አልኩት። አልሰማኝም።